ይሄን አትተርጉሚለት

ሙሉሽ ያን ቅዳሜ ጠዋት ገና ሥራ ሳትጀምር ክንዶቿ ዝለው ነበር። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ድካም ከእግር አይነሣም፤ ከትከሻ ጀምሮ በክርን በኩል አድርጎ እስከ ጣት ጫፍ ይወርዳል። የእሷ ድካም ግን የዚያ ዕለት አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ ሲጠራቀም የከረመ፣ ተኝታ ብትነሣም አብሯት የሚነሣ ዓይነት ነበር።

ሲዘንብ ያደረው ዝናብ የጂንካን መንገድ አጨቅይቶታል። ባጃጁ እስከ ኮሌጁ በር ሊያደርሳት አልቻለም፤ ወርዳ ዳር ዳሩን እየረገጠች ገባች። ኮሌጁ አካል ጉዳተኞችን ከሌላው ጋር ስለሚያስተምረው አካቶ ትምህርት የሚመክር ጉባኤ በኦንላይን አዘጋጅቷል። ከአርባ ምንጭ፣ ከሀዋሳ፣ ከጎንደር ሳይቀር መምህራን ይሳተፋሉ ተብሏል። አዘጋጁ ዶክተር እውነቱ ከወገባቸው በላይ ሱፍና ከረቫት፣ ከወገባቸው በታች የጭቃ ቦቲ አድርገው የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግራቸውን ይለማመዳሉ።

«ሙሉሽ፣» አሉ ወረቀታቸውን እያገላበጡ፣ «‹የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች› የሚለው በእጅ ብዙ ይፈጃል?»

«ከእርስዎ አፍ ይፈጥናል ዶክተር።»

ኮምፒውተሩንና መስመሩን የምትቆጣጠረው ኪያ ከገመዶቹ መካከል ሳቀች። «እንግዲያውስ እርስዎ ይረፉና ሙሉሽ ብቻዋን ትቀበላቸው!»

«አንቺ ኔትወርኩን ጠብቂ፤ እኔን ተይኝ፣» አሉ ዶክተር እውነቱ። ወደ ሙሉሽ ዞረው ደግሞ፣ «ጋሽ ንብረትም ከቤታቸው በስልክ ይገባሉ። መስማት ለተሳናቸው የመጀመሪያውን ክፍል የከፈቱት አባትሽ ሆነው ሳናመሰግናቸው እንዴት ይሆናል?» አሏት።

ሙሉሽ ራሷን ነቀነቀች። አባቷ በፕሮግራሙ ላይ ከማን ቀጥለው እንደሚናገሩ ታውቃለች። ከታሪኩ ቀጥሎ ነው። ያንን ከሰማች ወዲህ እህል ሲውጣት እንጂ ስትውጠው አልከረመችም።

ስልኳ ጮኸ። ጸጋአብ ነበር፤ አርባ ምንጭ ሆኖ የሚያግዛት ሁለተኛው አስተርጓሚ።

«ሙሌ፣ እዚህ መብራት የለም። ስልኬም ሊዘጋ ነው።»

«ታሪኩንስ? የታሪኩን ንግግር በድምፅ የምታሰማው አንተ ነበርክ'ኮ!»

«አውቃለሁ እህቴ። ምን ላድርግ? ጌታ ያበርታሽ…»

ተቋረጠ። ሙሉሽ ስልኩን እንደያዘች ቆመች። የሥራ ክፍፍሉን ያመጣችው እሷ አልነበረችም። ከሳምንታት በፊት ዲመካ የሚያስተምረው፣ መስማት የተሳነው ታሪኩ ለኮሌጁ አጭር መልእክት ልኮ ነበር። «ንግግሬን ከሙሉሽ ሌላ ሰው ያሰማልኝ» ይላል። ምክንያት አልጻፈም። እሷም አልጠየቀችም፤ ምክንያቱን ከሱ እኩል ታውቀዋለችና።

ኪያ መስመሩን ለመሞከር ስትከፍት የታሪኩ መስኮት ብቅ አለ። በዲመካው ትምህርት ቤት ቢሮ ተቀምጧል። ከጀርባው ባለው መስኮት ፍየል እየነዱ ወደ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ይታያሉ። ከስቷል። የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል። ሙሉሽ ልቧ እንዳይታይባት ፊቷን ሰብሰብ አድርጋ እጆቿን አነሣች።

«ጸጋአብ መብራት የለውም። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የእነሱን ላንተ፣ ያንተን ለእነሱ። ካልፈለግህ ለዶክተር እነግራቸዋለሁ።»

ታሪኩ አያት። ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈና እየዘረጋ ስሟን በፊደል ጻፈ፤ ሙ፣ ሉ፣ ሽ። ቀጥሎም አንድ ቃል ብቻ ጠየቀ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣» አለችው።

መስማት የተሳናቸው ሰዎች ለወዳጃቸው በፊደል የማይጻፍ የምልክት ስም ያወጣሉ። ለሙሉሽ ስም ያወጣላት ታሪኩ ነበር፣ ገና ልጆች ሳሉ። ፍንጭት ናት፤ ስሟም አመልካች ጣትን የፊት ጥርስ መካከል ማሳረፍ ነው። ጥርሱን ሳይገልጥ ማንም ሊጠራት አይችልም። ስለዚህ ሙሉሽን መጥራት ማለት ፈገግ ማለት ነበር። የተቀየመ ሰው ያንን ስም ሊጠራ አይችልም። አሁን እንደ ባዳ፣ እንደ ቢሮ ደብዳቤ፣ ፊደል በፊደል ጻፋት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

*

ነገሩ የጀመረው በአባቷ ደግነት ነው ማለት ይቻላል። አቶ ንብረት ከጎፋ ተመድበው ጂንካ የመጡ መምህር ነበሩ፤ ኋላ ርዕሰ መምህር ሆኑ። አንድ ቀን የትምህርት ቤታቸውን ዕቃ ቤት ከፍተው የተሰባበረ ዴስክ አስወጡና መስማት ለተሳናቸው ልጆች ክፍል አደረጉት። ከገዘር አቶ ተገኝ የሚባሉ ገበሬ የወንድማቸውን ልጅ እጁን ይዘው አመጡ። ያ ልጅ ታሪኩ ነበር። የርዕሰ መምህሩ ልጅ ሙሉሽ ደግሞ በዚያ ክፍል በር ላይ ስትጫወት ቋንቋውን ከልጆቹ እጅ ለቀመች። ማንም አላስተማራትም።

ታሪኩ ተማረ፤ መምህር ሆኖ ወደዚያው ክፍል ተመለሰ። ሙሉሽ አስተርጓሚ ሆነች። ፍቅራቸው መቼ እንደጀመረ ብትጠየቅ ቀኑን አታውቀውም፤ ዣንጥላውን ግን ታስታውሰዋለች። በዝናብ ቀን አብረው ከሥራ ሲወጡ ያለቻቸው አንድ ዣንጥላ ናት። ዣንጥላ የያዘ እጅ ማውራት አይችልም። ስለዚህ እሱ ሲይዝ እሷ ታወራለች፣ እሷ ስትይዝ እሱ ያወራል። ተራ የጣሰ ሁለቱንም በዝናብ ያስመታል። እንዲህ እየተቀባበሉ ከትምህርት ቤቱ እስከ ሰፈሯ ይደርሳሉ። ዝናቡ ካባራ በኋላም ዣንጥላውን ሳያጥፉ የሄዱበት ቀን ብዙ ነው።

ያለፈው ዓመት አቶ ተገኝ ከሽማግሌዎች ጋር ሆነው አቶ ንብረት ቤት ገቡ። እንደ ወጉ ቢሆን ልጁ አይመጣም። አቶ ንብረት ግን «እኔ ፊደል ያስቆጠርኩትን ልጅ በሽማግሌ አላናግረውም፤ ራሱ ይምጣ» አሉ። መጣ። አስተርጓሚ ሲፈለግ ከሙሉሽ በቀር ማን ነበር? የምትጠየቀዋ ልጅ፣ የሚጠይቃትንና የሚሰጣትን ልታነጋግር መካከላቸው ተቀመጠች።

አባቷ ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ታሪኩ ዓይኑን ከእጇ ላይ አልነቀለም። እሷም የአባቷን ቃል ሰማች፣ የታሪኩን ፊት አየች፣ እጆቿም ከዷት። «ጊዜ ስጡኝ፣ ላስብበት ይላሉ» ብላ አሳየችው።

ያን ቀን ደስ ብሎት ወጣ። በዚያ ደስታ ሳምንታት ኖረ። ቤት ተከራየ፤ ብርሃን እንዲበዛለት፣ እጅ ለእጅ መተያየት እንዲቻል ሁለት መስኮት ያለው መረጠ። የገዘር ማር ይዞም ለአማት ሊያደርስ ሄደ። የሙሉሽ እናት ወይዘሮ አስካል ከበር መለሱት፤ ማሩንም አልተቀበሉትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እምቢታውን ጂንካ በሙሉ ሰምቶ ጨርሶ ለታሪኩ የደረሰው የመጨረሻ ነበር። የእጅ ቋንቋ የማያውቁት አቶ ተገኝ ራሳቸውን ግራና ቀኝ በመወዝወዝ ብቻ ነገሩት።

የእነሱ ደብዳቤ በስልክ የሚቀረጽ የእጅ ንግግር ነበር። የመጨረሻውን ሙሉሽ እስከ ዛሬ አላጠፋችውም። «እምቢታው አልገደለኝም» ይላት ነበር ታሪኩ። «ዓለም ሁሉ ሲደብቀኝ አንቺ ብቻ አልደበቅሽኝም ብዬ ነበር። አባትሽ ያሉትን ቃል እንዳለ ንገሪኝ። ቃሉ የእኔ ነው። እሱን ሳትሰጪኝ አትምጪ።»

ልትመልስለት ስንቴ ስልኳን ፊቷ አቁማ ጀመረች። ቃሉ ጋ ስትደርስ እጇ ይወድቅና ታጠፋዋለች። እሱም ዝውውር ጠይቆ ዲመካ ወረደ፤ ደብዳቤውም በዚያው ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ሆድ ይፍጀው ብላ ኖረች። ሙሉሽ ስታለቅስ ድምፅ የላትም፤ ከልጅነቷም እንዲሁ ናት። ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታለቅስ እናቷ በሳሎን በኩል «ሙሉሽ፣ ተኛሽ እንዴ?» ይሏታል። «ተኛሁ» ትላለች፤ ተኝቶ መልስ የሚሰጥ ሰው ያለ ይመስል። ማንም ገብቶ አላየም።

*

ጉባኤው ተከፈተ። መስኮቶቹ በስክሪኑ ላይ እንደ ማር እንጀራ ተደረደሩ። ዶክተር እውነቱ ቦቲያቸውን ጠረጴዛው ሥር ደብቀው «እንኳን ወደ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ!» አሉ። ሙሉሽ በእጇ ሁለተኛ ጊዜ ተቀበለቻቸው። ተሳታፊዎቹ ገና ሰላምታ ሲለዋወጡ ምስሉ መንቀርፈፍ፣ ድምፁ መቆራረጥ ጀመረ።

«ኔትወርኩ እየተጨናነቀ ነው፣» አሉ ዶክተር እውነቱ። «ከአስተርጓሚዋ በቀር ሁላችሁም ካሜራችሁን ብታጠፉልን።»

ሙሉሽ ይህንንም ተረጎመች። መስኮቶቹ አንድ በአንድ ጠቆሩ። የመጨረሻው የታሪኩ ነበር፤ ቅንድቡን ወደ ላይ ሰቅሎ አያትና አጠፋ። ስሙ ብቻ በጥቁሩ ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ እጆቿ የሚናገሩት ለጨለማ ነበር። ይየው አይየው አታውቅም። መስማት ለሚችል ሰው የሚሰማው ይኑር አይኑር ሳያውቅ በባዶ ቤት መናገር ማለት ነው። ትከሻዋ ይነድዳል፤ የሚቀይራት ጸጋአብ የለም። ቢሆንም የጥቁሩን መስኮት ዓይን እንደምታይ አድርጋ፣ አንድም ቃል ሳትዘል ቀጠለች። ዓመቱን ሙሉም እንዲሁ ነበር የኖረችው፤ ለማይመልስ ጥቁር መስኮት ስትናገር።

«አሁን ከዲመካ አቶ ታሪኩን እንጋብዛለን፣» አሉ ዶክተር እውነቱ። «አቶ ታሪኩ፣ ኔትወርኩ እንዳይቸገር ካሜራዎን ሳይከፍቱ በድምፅ ብቻ ይቀጥሉ።»

ኪያ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። ሙሉሽ የተባለውን እንዳለ ተርጉማ ስትጨርስ ወደ ዶክተሩ ዞረች።

«ዶክተር፣ የሱ ድምፅ'ኮ ካሜራው ነው።»

የዶክተር እውነቱ ፊት ቀላ። «ውይ! ይቅርታ! ይክፈቱ፣ አቶ ታሪኩ፣ ይክፈቱ! ኔትወርኩ ገደል ይግባ!»

መስኮቱ ተከፈተ። ታሪኩ እየሳቀ ነበር። «አይዞዎት ዶክተር፣» አለ በእጁ፣ ሙሉሽም በድምፅ አሰማችለት፣ «አካቶ ትምህርት እኮ ገና ዛሬ ነው የጀመርነው።» ከየቦታው ማይክ መዝጋት የረሳ ሁሉ ሳቀ። ሙሉሽም ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። ሳቁ ግን ለሁሉም ነበር፤ ለእሷ የተለየ ድርሻ አልነበረውም።

ንግግሩን ጀመረ። በአስተርጓሚነት ደንብ እሱ «እኔ» ሲል እሷም «እኔ» ትላለች። የወደደችው ሰው ሙሉ በሙሉ በአፏ ገባ።

«እኔ ያደግሁት ገዘር ነው። ማታ ቤተሰቡ ለራት ሲሰበሰብ አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። የአጎቴን እጅጌ እጎትታለሁ፤ ምን አለ? አጎቴ በእጁ ቆይ ይለኛል፤ በኋላ። ወገኖቼ፣ በኋላ የሚባል ቀን በሕይወቴ መጥቶ አያውቅም።

«ዲመካ የማስተምራት አንዲት ልጅ አለችኝ። ቤተሰቧ ከብት ሊሸጡ ሲመክሩ እዚያው ከመካከላቸው ተቀምጣለች። ያወቀችው በረቱ ባዶ ሆኖ ስታየው ነው። ክፉውን ወሬ እንዳናዝን ይደብቁናል፤ ደጉን ደግሞ ይረሱታል።»

እጆቹ ለአፍታ አረፉ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡ።

«የሚወዱን ሰዎች ይብሳሉ።»

የሙሉሽ ድምፅ ተሰበረ። ቃሉን ግን አልጣለችውም። «የሚወዱን ሰዎች ይብሳሉ፣» አለች ደግማ፣ ቀና አድርጋ። «እንዳይከፋን ዓለምን አጣርተው ያቀብሉናል። እኔ የተጣራ ዓለም አልፈልግም። መራራውንም ስጡኝ። የኔ ድርሻ ነው።»

ጭብጨባው በስክሪኑ ላይ በቢጫ እጆች ምልክት ጎረፈ። ሙሉሽ ያንን አላየችም። የታሪኩ ቅሬታ በራሷ ምላስ ወጥቶ በራሷ ጆሮ ሲገባ ብቻ ነበር የምትሰማው።

*

አቶ ንብረት ተራቸው ደረሰ። ስልኩን እንደ ወትሮው ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ነው የሚናገሩት፤ ስክሪኑን አያዩም። ካሜራ ይብራ ይጥፋ ለሳቸው ያው ነው።

«ጌታ ይባርካችሁ። ያ ክፍል ዕቃ ቤት ነበር። ታሪኩን አጎቱ እጁን ይዞ ሲያመጣው ጠባዩ እንደ ወፍ ነበር፤ ሲነኩት ይበርራል። ዛሬ በአገር ፊት ሲናገር ሰማሁት። ኮራሁ።»

ሙሉሽ ተረጎመች። ታሪኩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ አለ።

ከሀዋሳ የገቡ ወይዘሮ ሚስጥር የሚባሉ መምህርት ጠየቁ። «ጋሼ፣ ክፍል ውስጥስ እሺ። ቤታችን ውስጥ ግን አካተናቸዋል? ጎረቤት፣ ዘመድ አድርገናቸዋል?»

አቶ ንብረት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ውሸት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ታሪኩ ሳይሰማ እውነቱን ቢናገሩ የሚጎዱት ሰው ያለ አልመሰላቸውም።

«ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። እውነቱን እንነጋገር… ሙሉሽ፣ ይሄን አትተርጉሚለት። ልጁ ቅር እንዳይለው።»

የሙሉሽ እጆች አየር ላይ ቆሙ።

ክፍሉ ውስጥ ኪያም ዶክተር እውነቱም አዩአት። ክንዶቿ እንደ እርጥብ ግንድ ከብደዋል። ብታወርዳቸው የሚወቅሳት የለም። አባት አዝዟል፣ የዕድሜ ባለጸጋ ለምኗል፤ ምክንያቱም ደግነት ነው። ለማረፍ እንዲህ ያለ ሰበብ ከየት ይገኛል? በስክሪኑ ላይ ታሪኩ የቆሙትን እጆቿን እያየ ነው። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ድካም ነበር፤ ይህን የእጅ መቆም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ድካም። ዓይኑን ሊያነሣ ሲል እጆቿ ተንቀሳቀሱ።

«‹ሙሉሽ፣ ይሄን አትተርጉሚለት። ልጁ ቅር እንዳይለው› ይላሉ።»

ታሪኩ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

«ማስተማር ሌላ፣ መዳር ሌላ፣» አቶ ንብረት ቀጠሉ፤ እጇም ከኋላ ከኋላቸው ሄደ። «እኔ ሽማግሌ ተልኮብኝ እምቢ ብያለሁ። ልጄ ታማ ብትጮህ አጠገቧ ተኝቶ ለማይነቃ፣ ብታለቅስ ለማይሰማ ሰው አላሳደግኋትም አልኩ። ፊደል አስቆጥሬዋለሁ፤ ልጄን ግን አልሰጥም አልኩ። ዛሬም የምለው ይሄንኑ ነው። ጠልቼው አይደለም። ፈርቼ ነው።»

አንዱንም አላለሰለሰችም። «አልሰጥም» የሚለውን በሙሉ ክንዷ አሳየችው። ስትጨርስ ታሪኩ «ጨረሱ?» ሲል ጠየቃት።

«ጨርሰዋል፣» አለችው። ከዚያ አስተርጓሚ ከራሱ እንዳይጨምር የሚከለክለውን ደንብ ጣሰች። «ያን ቀን የሰወርኩብህ ቃል ይሄ ነው። ‹ፈርቼ ነው› የሚለው ብቻ አዲስ ነው።»

ታሪኩ ዓይኖቹን ጨፈነ። ለሱ ዓይን መጨፈን በር መዝጋት ነው። ሙሉሽ በሩ ደጃፍ ቆማ ጠበቀች። ሲከፍታቸው እርጥብ ነበሩ፤ እጆቹም ተነሡ።

«ጋሽ ንብረት፣» አለች ሙሉሽ በሱ ፈንታ፣ «ሙሉሽ ተርጉማልኛለች።»

የታሪኩ እጆች ቀጠሉ።

«አትቆጧት። ቃሉን የለመንኳት እኔ ነኝ። እርስዎም ያሉት እውነት ነው። ብትጮህ አልሰማም። እጇን…» ሙሉሽ እዚህ ላይ ትንፋሽ አጠራት። «…እጇን ይዤ ከመተኛት ሌላ መላ የለኝም።»

ኪያ በእጇ አፏን ሸፈነች።

«ስታለቅስ አይሰማትም ላሉት ግን መልስ አለኝ። ሙሉሽ ስታለቅስ ድምፅ የላትም። እኔ አይቻት አውቃለሁ፤ የምትታይ እንጂ የምትሰማ አይደለችም። ይሄን ዓመት የኖረችው ከእርስዎ ጋር ነው። ከሳች ወይስ አልከሳችም? አለቀሰች ወይስ አላለቀሰችም? ሁሉም ጆሮ ባለው ቤት ውስጥ ማን ሰማት?»

የራሷን ስም በራሷ አፍ ስትጠራ እንባዋ ወረደ። ድምፅ አልነበረውም። እጆቿ ሥራ ላይ ስለሆኑ አልጠረገችውም። ታሪኩ እያያት ነበር።

ማይኩ እንደተከፈተ ነውና በአቶ ንብረት ስልክ ውስጥ የወይዘሮ አስካል ድምፅ ከሩቅ ተሰማ። «ምን አለ? ንብረት፣ ልጁ ምን አለ?»

«ቆይ አንቺ፣ በኋላ እነግርሻለሁ፣» አሉ አቶ ንብረት።

ሙሉሽ ተረጎመችው፤ ‹በኋላ›።

አቶ ንብረትም ከአፋቸው የወጣውን የሰሙት ዘግይተው ነበር።

«አይ…» አሉ ዝግ ብለው። «አሁን ልንገርሽ። ልጃችሁ ዓመቱን ሙሉ ስታለቅስ ሰምታችኋል ወይ ነው የሚለው።»

«እኔስ መች አወቅሁ?» አሉ ወይዘሮ አስካል። ድምፃቸው ቀጠነ። «በጠራኋት ቁጥር ተኛሁ ትለኛለች።»

«ሙሉሽ፣» አሉ አባቷ።

«አቤት አባባ።»

«ይሄን ተርጉሚለት።» የሽማግሌው ትንፋሽ ብቻ በስልኩ ይመላለሳል። «ምን እንደምለው አላውቅም።» ቀጥለውም ጨመሩ። «ይሄንኑ ተርጉሚለት። ምን እንደምል አላውቅም በይው።»

አለችው። ታሪኩም አልተቻኮለም፤ እጁን ደረቱ ላይ አሳርፎ እንደ ቅድሙ ዝቅ አለ። ሙሉሽ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሁለቱ መካከል ተቀምጣ ምንም የተሸከመችው ነገር እንደሌለ ተሰማት።

*

ዶክተር እውነቱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «እንግዲህ… የሻይ ዕረፍት፣» አሉ፣ እያንዳንዱ ተሳታፊ በየቤቱ እንደተቀመጠ ረስተው፤ ወጡም። ኪያም «ሻይ ላምጣ» ብላ ተከትላቸው ወጣች፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው። መስኮቶቹ አንድ በአንድ ጠፉ።

የታሪኩ ብቻ ቀረ። ከጀርባው የዲመካ ገበያተኛ እንደ ቅድሙ ያልፋል።

ሙሉሽ ልትናገር ፈለገች። ይቅርታ የሚለውን፣ ናፍቀኸኛል የሚለውን፣ ዓመቱን ሙሉ እየቀረጸች ያጠፋችውን ሁሉ። ክንዶቿን ልታነሣ ሞከረች፤ እምቢ አሉ። ከጭኗ ላይ እንደወደቁ ቀሩ። ከሁሉ ጊዜ መርጠው ዛሬ ዲዳ አደረጓት።

ታሪኩ ያንን አየ። አመልካች ጣቱን ወደ አፉ ወሰደ። የፊት ጥርሱ መካከል አሳረፈው፤ ሊጠራት ጥርሱን ሊገልጥ ግድ ነበር።

ስሟን ጠራት።

«አታውሪ፣» አላት ቀጥሎ። «ደክሞሻል። ዛሬ ዣንጥላውን አንቺ ያዥው፤ እኔ ላውራ።»

ሙሉሽ እጇን ጭኗ ላይ እንዳለ ቀስ አድርጋ ጨበጠች፣ እጀታ እንደያዘ ሰው። ድካሙ አልለቀቃትም። ነገር ግን የብቻዋ መሆኑ ቀርቶ ነበር። እሱ ያወራ ጀመር፤ እሷም ዓይኖቿን ሳትነቅል፣ እንባዋንም ሳትደብቅ አዳመጠችው።